የዓመት ገንዘብ፣ የወር አፕ

(የመግቢያ ሙዚቃ፦ በአምባሰል ቅኝት የተቃኘ ክራር፤ ከንግግሩ ሥር ቀስ እያለ ይጠፋል)

በሐይቅ ከተማና በዙሪያዋ፣ በአርዲቦ ዳር፣ በቢስቲማ፣ በውጫሌና በአምባሰል ያላችሁ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ቤት በጀት ነው። ገቢና ወጪን በስልክ ለመያዝ የሚያስችሉ አፖች፣ መተግበሪያ የምንላቸው ማለት ነው፣ በምን ይለያያሉ? ለየትኛው ቤት የትኛው ይሆናል? ይህን አብረን እናያለን። ቁጥሮች ስለሚኖሩ ወረቀትና እስክሪብቶ አጠገባችሁ ካለ ያዙ። ቤት ውስጥ ስማርት ስልክ ያለው ልጅ ካለም ጥሩት፤ አብሮ ይስማ።

ከአፖቹ በፊት ገንዘቡ እንዴት እንደሚመጣ እንይ። አፕ የሚመረጠው በስልኩ ዓይነት ሳይሆን በገንዘቡ አመጣጥ ነው፤ ዛሬ የምናገረው ሁሉ መነሻው ይኸው ነው። ሐይቅ ከተማ ያለ መምህር ወይም የጤና ባለሙያ ደመወዙ በወሩ መጨረሻ ይገባለታል። አነሰም በዛም መጠኑ ይታወቃል፣ ቀኑም ይታወቃል። ከከተማዋ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከፍ ካለው ቦታ ላይ በተኛው በአርዲቦ ዙሪያ የሚኖረው ገበሬ ግን እንዲህ አይደለም። ጤፉና ማሽላው የሚሰበሰበው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። በሞተር ውኃ ስቦ ሽንኩርት የሚያለማው በበጋ አንዴ ጠርቀም ያለ ብር ይይዛል። ጫት ያለው አንድ ሳምንት ደህና ይሸጥና በሌላው ሳምንት ዋጋ ይወድቅበታል። ዓሣ የሚያጠምደው የሚያገኘው የዕለቱን ነው። የደመወዝ ገንዘብ እንደ ምንጭ ነው፤ ቀጭን ቢሆንም አይቋረጥም። የአዝመራ ገንዘብ ደግሞ እንደ ክረምት ጎርፍ ነው፤ ሞልቶ ይመጣል፣ ገደብ ካልተሠራለት ግን ሳይውል ሳያድር ያልፋል።

በዓለም ገበያ ላይ ያሉት የበጀት አፖች አብዛኞቹ የተሠሩት ለደመወዝተኛው ነው። ስትከፍቷቸው በቅድሚያ የሚጠይቋችሁ «የወር ገቢዎ ስንት ነው?» ብለው ነው። የአርዲቦ ገበሬ ለዚህ ጥያቄ ምን ብሎ ይመልስ? በጥር 40 ሺህ፣ በሐምሌ ዜሮ? ስለዚህ «ይህ ነገር ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይዘጋዋል። በእኔ እምነት ጥፋቱ የገበሬው አይደለም። መሣሪያው የሚመች አለ፣ የማይመች አለ፤ ለይቶ መምረጥ ነው።

በእጃችን ካለው እንጀምር። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲቢኢ ብር አለ፤ የባንኩ የሞባይል ባንኪንግ አፕም አለ። የሳፋሪኮም ኤም-ፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተጨምሯል። ቀድሞ አብቁተ እንለው የነበረው ብድርና ቁጠባ ተቋም ዛሬ ፀደይ ባንክ ሆኗል። በእነዚህ በኩል ብር እንልካለን፣ እንቀበላለን፣ የመብራት እንከፍላለን፣ ካርድ እንሞላለን። ብዙ ሰው «ሒሳቤን ቴሌብር ይይዝልኛል» ሲል እሰማለሁ። ይህ ግማሹ ልክ ነው፤ ግማሹ ግን ያሳስታል።

አሁን ስልካችሁን አንሱና ብር የላካችሁበትን አንድ መልእክት ክፈቱ። ምን ይላል? ይህን ያህል ብር ለእከሌ ልከዋል። ቀኑና ሰዓቱ ይኸው፣ የግብይት ቁጥሩ ይኸው። የአገልግሎት ክፍያው ይህን ያህል፣ በክፍያው ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይህን ያህል፣ ቀሪ ሒሳብዎ ይህን ያህል። ገንዘቡ ለማን እንደሄደ ይናገራል፤ ለምን እንደሄደ ግን አያውቅም። የተላከው 850 ብር የሽንኩርት ዘር ይሁን፣ የልጅ ጫማ ይሁን፣ ለለቅሶ ቤት ይሁን፣ መልእክቱ ውስጥ የለም። ካሽ ሲወጣማ ዱካው ጭራሽ ይጠፋል። ከወኪሉ ዘንድ 3,000 ብር አውጥታችሁ ገበያ ገባችሁ እንበል። ስልኩ የሚያውቀው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ 3,000 ወጣ። ዘይቱን፣ በርበሬውን፣ የባጃጁን፣ ለዘመድ ልጅ ያስጨበጣችሁትን አያውቅም። በእኛ አገር የብዙው ሰው ወጪ ደግሞ አሁንም በካሽ ነው።

እንዲያም ሆኖ ከዚህ መዝገብ ጥሩ ጥቅም ማግኘት ይቻላል። በባንክ አፕ ገንዘብ ስትልኩ «ምክንያት» የሚል ቦታ ይመጣል። ብዙዎቻችን ባዶውን እናልፈዋለን። አትለፉት፤ «ማዳበሪያ»፣ «ቅሬ» (የዕድሩ)፣ «ደብተር» ብላችሁ አንድ ቃል ጻፉ። ከስድስት ወር በኋላ ወደ ኋላ ስታዩ ያች አንድ ቃል ብዙ ጥያቄ ትመልሳለች። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዛችሁም አልቀረባችሁም። ቴሌብር በኮከብ 127 መሰላል፣ ሲቢኢ ብር በኮከብ 847 መሰላል ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል፤ ቀሪ ሒሳባችሁን ታያላችሁ። በጀቱን የሚይዘው ግን ሌላ መሣሪያ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ በጀት አፖቹ እንምጣ። ስማቸው ብዙ ነው፤ ጠባያቸው ግን ከሁለት ከሦስት አይዘልም።

አንዱ ወገን መዝጋቢ ነው። መኒ ማናጀር፣ ሞኔፊ፣ ዋሌት፣ ስፔንዲ የሚባሉት እዚህ ይገባሉ። ወጪ ካወጣችሁ በኋላ መጠኑን ትጽፋላችሁ፣ ምግብ ነው፣ መጓጓዣ ነው፣ ልብስ ነው ብላችሁ ትመድባላችሁ። በወሩ መጨረሻ አፑ በሥዕል ያሳያችኋል፦ ከመቶው ይህን ያህሉ ለምግብ፣ ይህን ያህሉ ለካርድ። ሞኔፊ በጣም ቀላሉ ነው። መሀል ላይ ክብ ሥዕል አለ፣ በዙሪያው የወጪ ምልክቶች ተደርድረዋል፤ ምልክቱን ነክቶ ቁጥር መጻፍ ነው፣ አለቀ። መኒ ማናጀር ከዚህ ጠለቅ ይላል፤ ካሽ፣ ባንክ፣ ቴሌብር እያላችሁ የተለያየ ሒሳብ መክፈት ትችላላችሁ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ስታዛውሩ ያመዛዝንላችኋል። ሁለቱም ውሂባቸውን እዚያው ስልኩ ላይ ስለሚያስቀምጡ ለዕለት ምዝገባ ኢንተርኔት አይፈልጉም። የአፖቹ ምናሌ እንግሊዝኛ ቢሆንም መኒ ማናጀር ላይ የወጪ ስሞቹን በአማርኛ መጻፍ ትችላላችሁ፤ «ወፍጮ»፣ «ቅሬ»፣ «ጋዝ» ብትሏቸው ማንም አይከለክላችሁም።

እነዚህ ለደመወዝተኛ ይስማማሉ። አንድ ነገር ብቻ አስተካክሉ። አፑ ወሩን የሚጀምረው በፈረንጆቹ ወር በመጀመሪያው ቀን ነው። የእኛ ወር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠባው በእነሱ ከ7ኛው እስከ 11ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ደመወዝም የሚወጣው በእኛው አቆጣጠር ነው። ስለዚህ መኒ ማናጀር ላይ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ የወሩን መነሻ ደመወዝ ወደሚገባበት ቀን አዙሩት። ይህን ሳያደርጉ የአንዱ ወር ደመወዝ ከሌላው ወር ወጪ ጋር ይደባለቅና «አፑ ዋሸኝ» ይባላል።

ሁለተኛው ወገን ፖስታ ነው። ይህን ወገን በደንብ ስሙኝ፤ ለአርዲቦ ቤት ይሆናል የምለው ይህንን ነው። የድሮ ሰው ብሩን ከፋፍሎ በየጨርቁ ይቋጥር ነበር፤ አንዱ ለግብር፣ አንዱ ለዘር። የፖስታ አፕ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ገንዘቡ ሳይወጣ፣ ገና እጅ ሲገባ፣ እያንዳንዱ ብር ሥራ ይሰጠዋል። ከነዚህ ዝነኛው ዋይናብ ነው። በ2004 እንደ ፈረንጆቹ ጄሲ ሜቻም የተባለ ገና አዲስ ያገባ አሜሪካዊ ተማሪ ከባለቤቱ ጋር ለቤታቸው ብሎ ካዘጋጀው ሠንጠረዥ የተነሣ ነው። ዛሬ ግን በዓመት ከ100 ዶላር በላይ ያስከፍላል፤ በዓለም አቀፍ ካርድ ካልሆነም አይከፈልም። ለእኛ የማይሆን ነው፣ እንለፈው። ጉድበጀት የሚባለው ግን በነፃ የሚሠራ ክፍል አለው፤ የፖስታው ቁጥር የተወሰነ ቢሆንም ለአንድ ቤተሰብ ዋና ዋና ጉዳይ ይበቃል። በሁለት ስልክ አንድ ሒሳብ መክፈትም ይቻላል፤ ባልና ሚስት አንድ መዝገብ ያያሉ ማለት ነው። ከሁሉ በላይ የወደድኩለት በየወሩ ከሚሞላው ፖስታ ሌላ የዓመት ፖስታ ያለው መሆኑ ነው።

እስቲ በምሳሌ እንሥራው። ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ የቀረቡ ናቸው፤ እናንተ የራሳችሁን ትተካላችሁ። አንድ ቤተሰብ ሽንኩርቱንና ከጤፉ የተረፈውን ሸጦ በጥር ወር 60,000 ብር ያዘ እንበል። የሚበላው እህል በጎተራ አለ። ከዚያ ቀን አንሥቶ እስከሚቀጥለው ኅዳር 10 ወር አለ። ብሩ እጅ በገባበት ምሽት ባልና ሚስት ይቀመጡ፣ ትልቁ ልጅ ስልኩን ይያዝ። የመጀመሪያው ፖስታ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ነው፤ 14,000። ይህ ብር በግንቦትና በሰኔ ይፈለጋል፤ ያኔ ደግሞ ቤት ባዶ ነው። ሁለተኛው ትምህርት ነው፤ ማለትም የመስከረም ደብተር፣ ዩኒፎርምና ቦርሳ፣ 6,000። ሦስተኛው ጤና ነው፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮና የመድኃኒት፣ 3,000። አራተኛው በዓል፣ 8,000። አምስተኛው ማኅበራዊ ነው፦ ቅሬው፣ ለቅሶው፣ ሠርጉ፣ 5,000። ስድስተኛው መጠባበቂያ፣ 6,000። ደምሩት፤ 42,000 ይመጣል። ከ60,000 ላይ ሲነሣ የቀረው 18,000 ነው። ለ10 ወር ሲካፈል በወር 1,800 ብር።

ይህች 1,800 ናት የዕለት ወጪ ገንዘብ። ዘይት፣ ጨው፣ ቡና፣ ሳሙና፣ ባጃጅ፣ ካርድ ሁሉ ከዚህች ነው። «ይህ አይበቃንም» የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ልክ ናችሁ፣ ላይበቃ ይችላል። ነገር ግን አለመብቃቱን በጥር ማወቅና በሐምሌ ማወቅ እኩል አይደለም። በጥር ያወቀ ሰው ጥጃውን መቼ እንደሚሸጥ ያስባል፣ ሠርጉን ያሳንሳል፣ ለበጋው ሌላ ማሳ ሽንኩርት ይጨምራል። በሐምሌ ያወቀ ሰው ወደ አራጣ አበዳሪ ይሄዳል፤ ወይም መጪውን አዝመራ ገና ሳይታጨድ በርካሽ ይሸጣል። በመዝጋቢው አፕና በፖስታው አፕ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ይታያል። አንዱ ያለፈውን ይነግራችኋል፤ ሌላው የሚመጣውን እንድታዩ ያስገድዳችኋል።

ስለ በዓል ፖስታ አንድ ነገር ልጨምር፤ የእኛን አካባቢ ሰው የሚለየው ነገር ስለሆነ። በአንድ የወሎ መንደር ውስጥ ሦስት የቀን አቆጣጠር አለ። የትምህርትና የግብር ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። አፑ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። ረመዳን፣ ኢድና ዓረፋ ደግሞ በሂጅራ ነው የሚመጡት። በ2016 ረመዳን የገባው መጋቢት 2 ነበር፤ በ2017 የካቲት 22 ገባ። በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ቀድሞ ይመጣል። አፑ ላይ «በየዓመቱ በዚህ ቀን» ብላችሁ ከሞላችሁት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፖስታው የሚሞላው ጾሙ ካለቀ በኋላ ይሆናል። ፋሲካም ቀኑ ተንቀሳቃሽ ነው። ስለዚህ የበዓሉን ፖስታ በቀን አትሰሩት፤ ሙሉውን ብር ከአዝመራው ላይ ቀድማችሁ አስቀምጡ። የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ጎረቤት በዓል እርስ በርስ በሚጠያየቅበት በእኛ አገር «የጎረቤት በዓል» የሚል መስመርም መኖር አለበት። አፑን የሠራው ሰው ይህን አያስበውም፤ እናንተ ጨምሩበት።

(አጭር ሙዚቃ)

ሦስተኛ ወገን አለ፤ በውጭው ዓለም በብዛት የሚወራለት። የባንክ ሒሳባችሁን ራሱ ገብቶ የሚያነብ አፕ ነው። የዚህ ወገን አውራ ሚንት የሚባለው ነበር። በ2007 እንደ ፈረንጆቹ በአሜሪካ ተጀመረ፤ በ2009 ኢንቲዩት የተባለ ኩባንያ በ170 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ተጠቀመበት፤ በመጋቢት 2016፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ተዘጋ። ዓመታት ሙሉ የተጠራቀመ የቤት ሒሳብ የነበራቸው ሰዎች መዝገባቸውን በጥድፊያ ሲያወጡ ከረሙ። የእኛ ባንኮች ለእንዲህ ዓይነት አፕ በር ስላልከፈቱ እኛን በቀጥታ አይነካንም። ነገር ግን የትኛውንም አፕ ብትመርጡ አንድ ነገር ጠይቁ፤ «መዝገቤን በፋይል አውጥቼ ማስቀመጥ እችላለሁ?» የማይችል ከሆነ ይቅርባችሁ። በየወሩ ፋይሉን አውጥታችሁ በቴሌግራም ለራሳችሁ ላኩት፤ ስልኩ ቢጠፋ ወይም ውኃ ቢገባው መዝገቡ አይጠፋም።

እዚሁ ላይ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አጭር መልእክታችንን አንብበው ወጪያችንን ራሳቸው የሚመዘግቡ አፖችም አሉ። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ የባንኩ መልእክት ሲመጣ አፑ ቁጥሩን አንስቶ ይጽፋል። ነገር ግን መልእክቶቻችሁን እንዲያነብ ስትፈቅዱለት ሁሉንም መልእክት ነው የፈቀዳችሁለት። ባንክ የሚልክላችሁ የማረጋገጫ ቁጥርም እዚያው ይመጣል። አፑን ማን እንደሠራው በርግጠኝነት ካላወቃችሁ ይህን ፈቃድ አትስጡ። ማንኛውም የበጀት አፕ የቴሌብራችሁን ወይም የባንካችሁን የሚስጥር ቁጥር ከጠየቃችሁ ወዲያውኑ አጥፉት። በጀት ለመጻፍ ሚስጥር ቁጥር አያስፈልግም።

ስለ ኔትወርክ ደግሞ እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደቡብ ወሎ በደረሰ ጊዜ ባንክም ስልክም ተቋርጦ ነበር። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮም በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ ያለ ኢንተርኔት የማይከፈት አፕ የቤታችሁ ብቸኛ መዝገብ መሆን የለበትም። ጉድበጀትን አወደስኩት፤ ሁለቱን ስልኮች የሚያገናኘው ግን ኢንተርኔት ነው። ኢንተርኔት አስተማማኝ ባልሆነበት ቀበሌ ያላችሁ መኒ ማናጀርን ይዛችሁ ፖስታዎቹን እንደ ተለያየ ሒሳብ ክፈቷቸው፦ «የማዳበሪያ ሒሳብ»፣ «የትምህርት ሒሳብ» እያላችሁ። ትንሽ ያደክማል፣ ግን ይሠራል።

ስማርት ስልክ ለሌለውስ? ደብተር አለ፤ ደብተርን የምናቅለው ምንም ምክንያት የለም። በጃፓን በ1904 እንደ ፈረንጆቹ ሐኒ ሞቶኮ የምትባል ጋዜጠኛ ለቤት እመቤቶች የወጪ መዝገብ አዘጋጅታ አሳተመች፤ ካኬቦ ይሉታል፤ ስልክና ኮምፒዩተር በሞላበት አገር እስከ ዛሬ በእጅ የሚጽፉበት አሉ። አንድ የተማሪ ደብተር ግዙ። ለእያንዳንዱ ፖስታ አንድ ገጽ ስጡ። ከላይ የተመደበውን ብር ጻፉ፤ ከሥር በወጣ ቁጥር እየቀነሳችሁ ቀሪውን ጻፉ። እንዲያውም አንድ ብልጫ አለው፤ ስልክ የማያነቡ አባትና እናት ደብተሩን ልጃቸው ሲያነብላቸው ሰምተው አስተያየት ይሰጣሉ፤ በጀቱ የቤቱ ይሆናል እንጂ የስልኩ ባለቤት ብቻ አይሆንም።

ዋጋ ግን በየጊዜው ይለወጣል። መንግሥት በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ፣ ማዳበሪያውንም ጨምሮ፣ በብር ሲተመን ተወደደ። በጥር የመደባችሁት 14,000 በሰኔ ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ በየሦስት ወሩ ፖስታዎቹን ከፍታችሁ ከገበያው ዋጋ ጋር አስተያዩ። ገንዘቡን በግና ፍየል አድርጎ የሚይዝ ሰውም አለ፤ ጥሩ ዘዴ ነው። አፑ ውስጥ ግን በብር አትጻፉት፤ «በግ 4» ብላችሁ በማስታወሻ ያዙት። የበግ ዋጋ በዓል ሲደርስ ሌላ፣ በጾም ወራት ሌላ ነው፤ ያልተሸጠን በግ በብር መዝግቦ «ገንዘብ አለኝ» ማለት ያሳስታል።

አሁን ወደ ቁጠባና ብድር። ቴሌብር ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ከዳሽን ባንክ ጋር ሆኖ ሦስት ነገር አቅርቧል። ሳንዱቅ ማስቀመጫ ነው። መላ የአጭር ጊዜ ብድር ነው። እንደኪሴ ደግሞ ክፍያ ስትፈጽሙ ብር ቢያንሳችሁ የጎደለውን የሚሞላ ብድር ነው። ሦስቱ በአንድ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ጣት ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ጊዜ አይወስድባትም። ብድሩ ክፉ ነው አልልም፤ ሌሊት ሕፃን የታመመበት ሰው ያመሰግነዋል። ነገር ግን የመላ መመለሻ ጊዜ አጭር ነው፤ የአዝመራ ገንዘብ ደግሞ በወራት ነው የሚመጣው። በነሐሴ ተበድሮ በመስከረም ሊመልስ የሚችለው ደመወዝተኛው ነው፤ ገበሬው በመስከረም ምን ይዞ ይመልሳል? ስለዚህ በበጀታችሁ ውስጥ «ብድር» የሚል መስመር አድርጉ፤ የወሰዳችሁትን ዕለት መጠኑን፣ ክፍያውንና የመመለሻ ቀኑን ጻፉ። ወለድ የማትፈልጉ አድማጮቻችን ከማስቀመጣችሁ በፊት ከወለድ ነፃ የሆነውን አማራጭ ጠይቁ፤ ዘምዘምና ሂጅራ ሙሉ በሙሉ በዚህ የሚሠሩ ባንኮች ናቸው፤ ሌሎቹም ባንኮች ይህን መስኮት ከፍተዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

የመጨረሻው ጉዳዬ ከሁሉ የሚከብደኝ ነው። ከተሁለደሬ፣ ከወረባቦና ከአምባሰል ዐረብ አገር የሄደ ልጅ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። በጅዳና በሪያድ፣ በቤይሩትና በዱባይ የሰው ቤት የምትሠራ እህታችን በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ ብር ትልካለች። ያ ብር ሲደርስ ቤቱ ውስጥ እንደ ሌላው ብር ይቆጠራል፤ ከሽንኩርቱ ጋር ይደባለቃል፣ ለጣራ ቆርቆሮ ይሆናል፣ ለወንድም ሞተር ሳይክል ይሆናል፣ ለሠርግ ይሆናል። ከአራት ከአምስት ዓመት በኋላ ልጅቱ ትመጣለች። «ያ ሁሉ ብር የት ደረሰ?» ብላ ስትጠይቅ መልስ የሚሰጣት ይጠፋል። ማንም ሰርቋት ላይሆን ይችላል። አልተጻፈም፣ ነው ነገሩ።

እባካችሁ፣ ቤተሰቦች፣ በስሟ የተለየ መዝገብ ክፈቱላት። አፑ ላይ ከሆነ አንድ ሒሳብ በስሟ፤ ደብተር ከሆነ አንድ ገጽ በስሟ። በስሟ የባንክ ደብተር ካላት የላከችው ብር መጀመሪያ እዚያ ይግባ፤ ከዚያ ለቤት የተስማማችሁበት ብቻ ይውጣ። ከመላኳ በፊት በስልክ ተነጋገሩ፤ «ከ100 ብር 60 ለቤት፣ 40 ለራሴ» ትበል፤ የመሰላትን ትበል፤ ቃሉ የእሷ ነው። በወሩ መጨረሻ ገጹን በስልክ ካሜራ አንሱና በኢሞ ወይም በዋትስአፕ ላኩላት። ሳንቲም ሳታስቀሩ፦ ይህን ያህል ገባ፣ ለእናታችን መድኃኒት ይህን ያህል ወጣ፣ በስምሽ ያለው ይህን ያህል ነው። አንቺም እህቴ፣ እዚያ ሆነሽ ይህን ዝግጅት የምትሰሚ ከሆነ፣ ፎቶውን ሳትጠብቂ ጠይቂ። ብትጠይቂ ቤተሰብሽን አላመንሽም ማለት አይደለም፤ ላብሽ ነው። አንቺ ራስሽም እዚያው ስልክሽ ላይ የላክሽበትን ቀን፣ መጠኑንና የግብይት ቁጥሩን ጻፊ፤ ሁለቱ መዝገቦች በዓመት አንዴ ይገናኙ።

ወንድሞችና አባቶች፣ ይህ ገጽ ቤት ውስጥ ሲከፈት ብታኮርፉ አይገርመኝም። ግን አስቡት፤ የቅሬው ገንዘብ ያዥ በየስብሰባው ሒሳቡን ያነባል፣ ማንም አይቀየመውም፤ ባያነብ ነው የምንቆጣው። ለሩቅ ጎረቤት ያደረግነውን ለገዛ ልጃችን ማድረግ አያቅተንም።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ወደ መጠባበቂያው ፖስታ፣ ማለትም ስንት ይሁን፣ የት ይቀመጥ ወደሚለው ጥያቄ እንመለሳለን። እስከዚያው የዚህን ሳምንት የገበያ ወጪያችሁን ብቻ፣ በአፕም ይሁን በደብተር፣ ጽፋችሁ ቆዩን። ደህና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)